አድሚራል ፊሸርና «ምንም አትፈራ» የተባለችው መርከብ

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የሚተርኩ መጻሕፍትን ያገላበጠ አንባቢ ሁሉ «ድሬድኖት» ከሚለው ቃል ጋር ሳይገናኝ አይቀርም። አንዱ ጸሐፊ እንግሊዝ ይህን ያህል ድሬድኖት ነበራት ይላል፤ ሌላው ጀርመን ይህን ያህል ድሬድኖት ሠራች ይላል። ቃሉ የታላላቅ ብረት ለበስ የጦር መርከቦች የወል ስም መሆኑን ከአነጋገሩ ለመረዳት አያስቸግርም። ዳሩ ግን ይህ ስም ከየት መጣ? ትርጓሜውስ ምንድን ነው? በዓለም ሁሉ አፍ እንዲገባ ያደረገውስ ማን ነው? ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ መልሱ ወደ አንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይወስደናል። ይኸውም ሰው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የበላይ አዛዥ የነበረው አድሚራል ጆን ፊሸር ነው።

ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። በታሪኩ ውስጥ የአገራችን ስም ባልታሰበ መንገድ የተነሣበት አንድ ነገር ስላለ እሱንም በቦታው እንነግራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የስሙ ትርጓሜ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ድሬድ» ማለት ብርቱ ፍርሃት ማለት ነው፤ «ኖት» ደግሞ ምንም ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ምንም አትፈራ» ወይም «ምንም የማይፈራ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። በእኛ አገር ጀግኖች በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው፣ አባ ቃኘው እየተባሉ ይጠሩ እንደ ነበረ ሁሉ እንግሊዞችም ለጦር መርከቦቻቸው የጀግንነት ስም ማውጣት የቆየ ልማዳቸው ነው።

ይህን ስም ከያዙት የጥንት መርከቦች አንዷ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን በ1573 የተሠራች ናት። በ1588 የእስፓኝ ንጉሥ እንግሊዝን ለመውረር ታላቅ የመርከብ ጦር በላኩ ጊዜ ከተዋጉት መርከቦች አንዷ ነበረች። ሌላዋ ድሬድኖት በ1805 በትራፋልጋር ውጊያ ከኔልሰን ጋር ተሰለፈች፤ በእርጅናዋም ዘመን በቴምዝ ወንዝ ላይ ግሪኒች በተባለው ስፍራ ታስራ የታመሙ መርከበኞች የሚተኙባት ሆስፒታል ሆነች። መርከበኞች በዝናብና በማዕበል ጊዜ የሚደርቡት ወፍራም የሱፍ ካፖርትም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፤ ይህን የለበሰ ሰው ብርዱንም ዝናቡንም አይፈራም ለማለት ነው። በ1875 ደግሞ አንዲት ብረት ለበስ መርከብ ይህንኑ ስም ይዛ ወደ ባሕር ወረደች።

እንግዲህ እስከዚያ ዘመን ድረስ ድሬድኖት የአንዲት መርከብ መጠሪያ ስም እንጂ የአንድ ዓይነት መርከቦች የወል ስም አልነበረም። የተጸውዖውን ስም የወል ስም ያደረገው በ1906 የሆነው ነገር ነው። ይህንን ለመረዳት ወደ ፊሸር ልጅነት መመለስ ያስፈልገናል።

ከሸራ መርከብ ወደ ብረት መርከብ

ጆን ፊሸር የተወለደው በጥር 25 ቀን 1841 በሴሎን ደሴት ሲሆን ይህች ደሴት ዛሬ ስሪ ላንካ ትባላለች። አባቱ የእንግሊዝ ጦር መኰንን ነበረ፤ በኋላም ቡና ተካይ ሆነ። ልጆቹ ብዙዎች፣ ሀብቱም ጥቂት ስለ ነበረ ፊሸር ገና በስድስት ዓመቱ ከወላጆቹ ተለይቶ ሎንዶን ወዳለው የእናቱ አባት ዘንድ ተላከ። እዚያም የጠበቀው ኑሮ ድሎት ያለበት አልነበረም። በኋላ ዘመን ባለ ማዕርግ ከሆነም በኋላ ያደገበትን ችግር አይረሳውም ነበር።

በ1854 በ13 ዓመቱ ወደ ባሕር ኃይል ገባ። የተመዘገበውም በፖርትስመዝ ወደብ ቆማ በነበረችው በኔልሰን መርከብ በቪክቶሪ ላይ ነው። በእርጅናው ዘመን እንዳስታወሰው የመግቢያው ፈተና አቡነ ዘበሰማያትን በጽሕፈት ማቅረብና በሐኪም ፊት ራቁቱን ሆኖ በወንበር ላይ መዝለል ብቻ ነበር። ከዚያም ካልካታ ወደ ተባለችው የጦር መርከብ ተላከ። ይህች መርከብ 84 መድፍ የተሸከመች የእንጨት መርከብ ነበረች፤ የሚነዳትም ነፋስ ነበር።

በዚያን ዘመን መርከቦች የሚዋጉት በረጅሙ ተሰልፈው የጎን መድፋቸውን ወደ ጠላት በመተኰስ ነበር። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ለመቆም የሚያስችል ብርታት ያላት መርከብ የጦር ሰልፍ መርከብ ትባላለች። ዛሬ በእንግሊዝኛ «ባትልሺፕ» የሚባለው ቃል ከዚህ ረጅም ስም አጥሮ የወጣ ነው። ስለዚህ ፊሸር ሥራውን የጀመረው ይህ ስም በተገኘባቸው በጥንቶቹ መርከቦች ላይ ነው ለማለት እንችላለን።

ወጣቱ መርከበኛ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ወደ ባልቲክ ባሕር ዘመተ፤ ከዚያም ወደ ቻይና ተልኮ በ1859 በታኩ ምሽጎች ላይ በተደረገውና እንግሊዞች ድል በሆኑበት ውጊያ ውስጥ ተገኘ። በ1863 ዎሪየር በተባለችው መርከብ ላይ የመድፍ መኰንን ሆኖ ተሾመ። ዎሪየር እንግሊዝ የሠራቻት የመጀመሪያዋ አካላቷ ብረት የሆነ ብረት ለበስ የጦር መርከብ ነበረች። ከነፋስና ከእንጨት መርከብ ወደ ብረትና ወደ እንፋሎት መርከብ ሲሸጋገር በዘጠኝ ዓመት ጊዜ ውስጥ ዓለም እንዴት እንደ ተለወጠች በዓይኑ አየ። ትናንት ብርቱ የነበረው ዛሬ ከንቱ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ጊዜ ጀምሮ አልዘነጋም።

በ1866 ካተሪን ብሮተን የተባለችውን ወይዘሪት አግብቶ አንድ ወንድና ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደ። በሥራው በኩል ስለ መድፍና ያን ጊዜ አዲስ ስለ ነበረው ስለ ቶርፔዶ አጥብቆ ተማረ፤ ለሌሎችም አስተማረ።

በ1882 እንግሊዞች እስክንድርያን በመድፍ በደበደቡ ጊዜ ፊሸር ኢንፍሌክሲብል የተባለችው የታላቋ መርከብ ካፒቴን ነበረ። የዚህች መርከብ የብረት ልብስ በአንዳንድ ስፍራ 24 ኢንች ማለት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው። ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ አንድ ባቡር ብረት አልብሶና መድፍ ጭኖ ለጦርነት አሰለፈው፤ በዚህም ብልሃቱ ስሙ በአገሩ ጋዜጦች ታወቀ። ነገር ግን ብርቱ የተቅማጥ በሽታ ስለ ያዘው ወደ አገሩ ለመመለስ ተገደደ።

አዛዡ ፊሸር

ከዚህ በኋላ ማዕርጉ እየጨመረ ሄደ። ከ1886 እስከ 1890 የባሕር ኃይሉ መድፍ ሹም፣ ከ1892 እስከ 1897 ደግሞ የመርከብ ሥራ አዛዥ ሆኖ አገለገለ። ቶርፔዶ የሚተኵሱ ትንንሽ ጀልባዎችን አሳድዳ የምታጠፋ ፈጣን መርከብ የተሠራችውም በዚህ ጊዜ ነው። ዛሬ በየአገሩ ባሕር ኃይል ውስጥ «ዲስትሮየር» ማለት አጥፊ የሚባሉት መርከቦች መነሻቸው ይህች ናት።

በ1899 በሄግ ከተማ ስለ ሰላም በተሰበሰበው ጉባዔ ላይ ከአገሩ መልክተኞች አንዱ ነበረ። ፊሸር በዚያ ጉባዔ የተናገረው ነገር አያሌዎቹን አስደነገጠ። ጦርነትን በሕግ ለማለስለስ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ሰላምን የሚጠብቀው ጠላት የሚፈራው ብርቱ ክንድ ብቻ ነው ባይ ነበረ። የሕይወቱ ሥራ ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የቆመ መሆኑን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን።

በዚያው ዓመት የሜዲቴራኒያን ባሕር ጦር አዛዥ ሆኖ ወደ ማልታ ሄደ። ከእሱ በፊት መርከቦቹ በሰዓት 12 ኖት እየተጓዙ በመንገድ ይሰበሩ ነበር፤ በእሱ ጊዜ ግን 15 ኖት እየተጓዙ ሳይሰበሩ ይደርሱ ጀመር። የመድፍ ልምምዱንም ከ2,000 ያርድ ወደ 6,000 ያርድ ርቀት አሳደገው። ወጣት መኰንኖችን ሰብስቦ አሳባቸውን ይጠይቅ ነበር፤ ደካማ መስሎ የታየውን ግን አይምርም። ንግግሩ እሳት ነበረ። መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቆ ያነብ ነበር፤ ስብከት ለመስማት ከቤተ ክርስቲያን አይለይም፤ ዳንስም እስከ እርጅናው ድረስ እጅግ ይወድ ነበር። ወዳጆቹ እንደ አባት ወደዱት፤ ጠላቶቹም ያን ያህል ጠሉት።

በጥቅምት ወር 1904 «ፈርስት ሲ ሎርድ» በተባለው ማዕርግ የመላው ባሕር ኃይል የበላይ አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ወዲያውም ለመዋጋት አቅም የሌላቸውን፣ ከፈጣን ጠላትም ለማምለጥ የማይችሉትን ከ150 የሚበልጡ አሮጌ መርከቦች ከአገልግሎት እንዲወጡ አዘዘ። በዓለም ሁሉ ተበትነው የነበሩትንም ታላላቅ መርከቦች ወደ አገሩ አቅራቢያ ሰበሰበ፤ ጀርመን በካይዘር ዊልሄልም ዘመን ታላቅ የባሕር ኃይል በመሥራት ላይ ስለ ነበረች ዓይኑ ከሰሜን ባሕር አልተነሣም ነበርና።

«ምንም አትፈራ» ስትወለድ

ከዚያ በፊት አንዲት ታላቅ የጦር መርከብ አራት ባለ 12 ኢንች መድፍ፣ በተጨማሪም ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው አያሌ ትንንሽ መድፎች ትሸከም ነበር። ተኳሹ መድፉን የሚያስተካክለው ጥይቱ ባሕር ላይ ወድቆ የሚያስነሣውን የውሃ ዓምድ እየተመለከተ ነው። መድፎቹ ልዩ ልዩ በሆኑ ጊዜ ግን የትኛው የውሃ ዓምድ ከየትኛው መድፍ እንደ ተነሣ ለመለየት ይቸግራል። ስለ ሆነም መርከቢቱ የምትሸከመው አንድ ዓይነት ታላላቅ መድፍ ብቻ ቢሆን ከሩቅ አነጣጥሮ ለመምታት ይቀላል የሚል አሳብ ተነሣ። ይህን አሳብ በ1903 ቪቶሪዮ ኩኒቤርቲ የተባለው ኢጣሊያዊ የመርከብ ሠሪ በጽሑፍ አውጥቶት ነበር፤ አሜሪካኖችና ጃፓኖችም በዚሁ መንገድ ይሠሩ ነበር። በግንቦት 1905 ጃፓኖች የሩሲያን የመርከብ ጦር በቱሺማ ባሕር ላይ ባጠፉ ጊዜ የታላላቅ መድፍ ኃይል ይበልጥ ተገለጠ። የፊሸር ሥራ አሳቡን ማመንጨት ሳይሆን ሌላው ሁሉ ሲያመነታ ቆርጦ መሥራት ነው።

የመርከቢቱ መሠረት በጥቅምት 2 ቀን 1905 በፖርትስመዝ ተጣለ። የሚያስፈልገው ብረት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለሌሎች መርከቦች የታዘዙት መድፎችም ለእሷ ተሰጡ። በአራት ወር ጊዜ ውስጥ አካላቷ አልቆ በየካቲት 10 ቀን 1906 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ስሟን ሰጥተው ወደ ባሕር አወረዷት። በጥቅምት 3 ቀን 1906 ማለት መሠረቷ በተጣለ በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ለሙከራ ወደ ባሕር ወጣች። በዚያን ዘመን አንዲት ታላቅ የጦር መርከብ ለመሥራት ብዙ ዓመት ይፈጅ ስለ ነበረ ዓለም ይህን በሰማ ጊዜ ተደነቀ።

ድሬድኖት 160 ሜትር ርዝመት፣ 18,000 ቶን ያህል ክብደት ነበራት። በአምስት ተሽከርካሪ ማማዎች ላይ የተተከሉ አሥር ባለ 12 ኢንች መድፎች ስትሸከም ከእነዚህም ስምንቱን በአንድ ጎን ለመተኰስ ትችል ነበር። እያንዳንዱ ጥይት ከ380 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጎኗን የሚከልለው ብረት 11 ኢንች ውፍረት ነበረው። ፓርሰንስ የተባለው መሐንዲስ የፈለሰፈው የእንፋሎት ተርባይን በታላቅ የጦር መርከብ ላይ ሲገባ የመጀመሪያው በእሷ ስለ ሆነ 21 ኖት ማለት በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዝ ነበር፤ ሌሎቹ ግን 18 ኖት ቢጓዙ ነው። ለመሥሪያዋም ወደ 1,800,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ወጣ።

ከዚህም የተነሣ ከእሷ በፊት የተሠሩት መርከቦች ሁሉ በአንድ ቀን አረጁ። መርከብ ዐዋቂዎችም አሮጌዎቹን ቅድመ ድሬድኖት፣ እንደ እሷ ሆነው የተሠሩትን ሁሉ ድሬድኖት ብለው ይጠሩ ጀመር፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከእሷ የበለጡ መድፎች የተሸከሙ መርከቦች በመጡ ጊዜ ደግሞ ልዕለ ድሬድኖት የሚል ስም ወጣ። የአንዲት መርከብ ስም የአንድ ዘመን ስም የሆነው በዚህ ዓይነት ነው።

ፍርሃት የወለደችው መርከብ

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውል የሚገባን ነገር አለ። ከእሷ በፊት የተሠሩት መርከቦች ሁሉ ካረጁ የእንግሊዝም አብረው አረጁ። እንግሊዝ ከማንም አገር የሚበልጡ የጦር መርከቦች ነበሯት፤ ይህ ብልጫ በብዙ ዘመን ድካምና ወጪ የተገኘ ነበር። አሁን ግን ቁጥሩ እንደ ገና ከአንድ ተጀመረ። ጀርመንም ከብዙ ኪሎ ሜትር ኋላ ተነሥታ መሮጥ ሲገባት ከአጠገብ ተነሣች። የፊሸር ተቃዋሚዎች የነቀፉት በዚህ ነው። እሱም በበኩሉ እኛ ባንሠራት ሌላው ይሠራታል፤ እንግዲያው መቅደም ይሻላል ይል ነበር። ሁለቱም ወገኖች በከፊል እውነት ነበራቸው።

ጀርመን የራሷን ድሬድኖቶች በ1907 መሥራት ጀመረች። እነዚህ ታላላቅ መርከቦች ከባልቲክ ወደ ሰሜን ባሕር ለመተላለፍ እንዲችሉ የኪልን ቦይ ለማስፋት ብዙ ገንዘብ አፈሰሰች። አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ፈረንሳይ፣ ኢጣሊያ፣ ሩሲያና አውስትሪያም ተከተሉ። ብራዚል እንኳ አሠራች፤ ብራዚል ስታሠራ አርጀንቲና ፈራች፤ አርጀንቲና ስታዝዝ ቺሌ ፈራች። በ1909 ጀርመን ልትቀድመን ነው የሚል ወሬ በእንግሊዝ አገር በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ ተሸብሮ መንግሥቱ በአንድ ጊዜ ስምንት ድሬድኖቶች እንዲያሠራ ግድ አለው። ስሟ ምንም አትፈራ የተባለው መርከብ ያልፈራ አገር እስከማይገኝ ድረስ ሁሉን አስፈራች፤ ከሁሉም በፊት የራሷን ባለቤቶች አስፈራች።

ፊሸርም ከአድሚራል ቤሬስፎርድ ጋር በነበረው ብርቱ ጠብ ባሕር ኃይሉ ለሁለት ተከፈለ። ነገሩ እስከ ምርመራ ደርሶ በመጨረሻ ፊሸር የሎርድነት ማዕርግ ተሰጥቶት በጥር 25 ቀን 1910 በ69ኛ ዓመት ልደቱ ዕለት ጡረታ ወጣ። የቤተ ሰቡ አርማ ላይ የሚጻፈውን ቃል እንዲመርጥ በተጠየቀ ጊዜ የመርከቢቱን ስም አስገብቶ ከእግዚአብሔር በቀር ምንም እንዳይፈራ የሚያስተምር ቃል መረጠ።

የሐሰት መልክተኞች

ፊሸር ሥራውን በለቀቀ በ13ኛው ቀን ማለት በየካቲት 7 ቀን 1910 በድሬድኖት ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ሆነ። መርከቢቱ በዌይመዝ ወደብ አጠገብ ቆማ ሳለ የሐበሻ ንጉሥ ከመሳፍንቶቻቸው ጋር ሊጎበኟት እየመጡ ነው የሚል ቴሌግራም ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተላከ መስሎ ደረሰ። መኰንኖቹም ቀይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ወታደር አሰልፈው፣ ሙዚቃ አዘጋጅተው ተቀበሉ።

እንግዶቹ ግን የአገራችን ሰዎች አልነበሩም። ሆራስ ኮል የሚባል ቀልደኛ የሰበሰባቸው የሎንዶን ወጣቶች ነበሩ፤ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ የሐሰት ጢም ለጥፈው፣ ጥምጥም ጠምጥመው ቀርበዋል። ከመካከላቸውም በኋላ ዘመን ቨርጂኒያ ዎልፍ ተብላ በድርሰቷ ስመ ጥር የሆነችው ወጣት ሴት በወንድ መስፍን አምሳል ተገኝታ ነበር። መኰንኖቹ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ለማግኘት ስላልቻሉ የዛንዚባርን ሰቀሉ፤ የተመታውም መዝሙር የዛንዚባር ነበረ። አስተርጓሚ የሆነው ወጣት በትምህርት ቤት የተማረውን የላቲንና የግሪክ ቃል እያጣመመ ሲናገር ይህ የሐበሻ ቋንቋ ነው ተብሎ ታመነ። ምግብ ሲቀርብላቸው የፊታቸው ቀለም እንዳይለቅ በመፍራት አንበላም አሉ። መርከቢቱን ከዳር እስከ ዳር ተመልክተው በክብር ተሸኙ። ወሬው በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ባሕር ኃይሉ የአገር መሣቂያ ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚጽፉ የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ በባሕር ኃይሉ ላይ ይሥቃሉ፤ እኛ ግን ሌላም ነገር ይታየናል። በዚያን ሰዓት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ በቤተ መንግሥታቸው ታመው ተኝተው ነበር፤ በሕይወታቸውም አውሮፓን ረግጠው አያውቁም። ከዚያ በፊት በ1902 ልዑል ራስ መኰንን ንጉሥ ኤድዋርድ ዘውድ ሲጭኑ የኢትዮጵያ መልክተኛ ሆነው ሎንዶን ድረስ ሄደው ነበር። ስለዚህ እውነተኛ የኢትዮጵያ መስፍን ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ እንግሊዛዊ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር፤ ከስምንት ዓመት በፊት በዋና ከተማው ታይተዋልና። በዓለም ብርቱ የተባለችው መርከብ የማንንም መድፍ ሳትፈራ ቀለም በተቀባ ፊት ተታለለች። ብረቷ ጥይትን ሊከለክል ይችላል፤ አለማወቅን ግን ሊከለክል አይችልም።

የመጨረሻው ሹመት

የሰፋው የኪል ቦይ በሰኔ 1914 ተመረቀ፤ ጦርነቱም በነሐሴ ተጀመረ። ፊሸር ቦዩ ሲያልቅ ጀርመን ጦርነት ትጀምራለች ብሎ ከብዙ ዓመት በፊት ተናግሮ ስለ ነበረ ብዙዎች ይህን አስታወሱ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችል የ73 ዓመቱን ሽማግሌ ከጡረታ ጠርቶ ወደ ቀድሞው ሥልጣኑ መለሰው።

በሥራው ላይ ጥቂት ቀን ሳይቆይ የጀርመን መርከቦች በቺሌ አጠገብ በኮሮኔል ሁለት የእንግሊዝ መርከቦችን ከነሰዎቻቸው ማስጠማቸው ተሰማ። ፊሸር ወዲያው ኢንቪንሲብልና ኢንፍሌክሲብል የተባሉትን መርከቦች ወደ ደቡብ ላከ። እነዚህ በእሱ አሳብ የተሠሩ ነበሩ፤ መድፋቸው እንደ ድሬድኖት ታላቅ ሆኖ ፍጥነታቸው 25 ኖት ሲሆን ለፍጥነቱ ሲባል የብረት ልብሳቸው ሳስቶ ነበር። በታኅሣሥ 8 ቀን 1914 በፎክላንድ ደሴቶች አጠገብ ጀርመኖቹን አግኝተው ድል አደረጓቸው። ይህ የፊሸር ታላቅ ቀን ነበረ።

ደስታው ግን አልቆየም። ቸርችል በዳርዳኔልስ ጠባብ ባሕር በኩል ገብቶ ኢስታንቡልን ለመያዝ አሰበ፤ ፊሸር በመጀመሪያ እያመነታ ተስማማ፤ በኋላ ግን ተቃወመ። በመጋቢት 18 ቀን 1915 ሦስት ታላላቅ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች በዚያ ባሕር ውስጥ በፈንጂ ጠፉ። በዚያኑ ዕለት በሰሜን ባሕር ላይ ድሬድኖት አንዲት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አግኝታ በአፍንጫዋ ወግታ አሰጠመቻት። ስለ ታላላቅ መድፎቿ ይህን ያህል የተወራላት መርከብ በጦርነቱ ሁሉ ያሰጠመችው ጠላት ይኸው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ያሰጠመችው በመድፍ አይደለም።

ፊሸር በግንቦት 15 ቀን 1915 ሥራውን ጥሎ ወጣ። ቸርችልም በዚሁ ምክንያት ሥልጣኑን አጣ። በጦርነት ጊዜ ከሥራው ድንገት መውጣቱን ብዙዎች አልወደዱለትም፤ ከዚያም በኋላ የፈጠራ ሥራ የሚመረምር አንድ ጉባዔ ሊቀ መንበር ሆነ እንጂ ወደ አዛዥነቱ አልተመለሰም።

በግንቦት 31 ቀን 1916 የእንግሊዝና የጀርመን ድሬድኖቶች በዩትላንድ አጠገብ ተጋጠሙ። ያን ቀን የብረት ልብሳቸው የሳሳ ሦስት የእንግሊዝ መርከቦች እየፈነዱ ሰጠሙ። ከእነርሱ አንዷ በፎክላንድ ድል ያደረገችው ኢንቪንሲብል ነበረች፤ ከአንድ ሺህ በላይ ከሆኑት መርከበኞቿ የተረፉት ስድስት ብቻ ናቸው። በሦስቱ መርከቦች ላይ የሞቱት ሰዎች ከ3,300 ይበልጣሉ። ፊሸር ፍጥነት ራሱ ጋሻ ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ ይህን ትምህርት እነዚያ መርከበኞች በሕይወታቸው ከፈሉለት። ድሬድኖት ግን በዚያን ጊዜ ለእድሳት ገብታ ስለ ነበረ በውጊያው አልተገኘችም።

ፍጻሜ

አድሚራል ፊሸር በሐምሌ 10 ቀን 1920 በ79 ዓመቱ ሞተ። በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ጸሎት ተደርጎለት አመዱ በኪልቨርስቶን ከሁለት ዓመት በፊት በሞተችው በሚስቱ አጠገብ ተቀበረ። መርከቢቱም ከእሱ በኋላ አልቆየችም። በ1921 ለብረት ሻጭ ተሸጠች፤ በ1923ም ተሰባብራ አለቀች። ሌሎችን በአንድ ቀን ያስረጀችው መርከብ ራሷ ከተሠራች በ15 ዓመቷ አርጅታ ተጣለች። በ1922 ታላላቆቹ መንግሥታት በዋሽንግተን ተሰብስበው የእነዚህን መርከቦች ቁጥርና መጠን በውል ወሰኑ፤ ውድድሩ ሁሉንም አድክሞ ነበርና። በኋላም አውሮፕላንና ሰርጓጅ መርከብ የድሬድኖትን ዘመን ፈጽመው አሳለፉት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከነበሩት ድሬድኖቶች መካከል እስከ እኛ ዘመን የቀረችው የአሜሪካኗ ቴክሳስ ብቻ ናት።

ስሙ ግን አልሞተም። በ1960 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ወደ ባሕር ያወረዷት የመጀመሪያዋ የእንግሊዝ የአቶሚክ ሰርጓጅ መርከብ ድሬድኖት ተብላለች። በዘመናችንም እንግሊዝ የአቶሚክ መሣሪያ እንዲሸከሙ ለምታሠራቸው አዳዲስ ሰርጓጅ መርከቦች ይህንኑ ስም አውጥታለች።

አባቶቻችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ለዚህች መርከብ ስሟን ያወጣላት መልአክ ከሆነ እጅግ ረቂቅ ምሥጢር ያለው ነገር ሳይናገር አልቀረም። ፊሸር አገሩን የሚወድ፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ከሌላው አርቆ የሚያይ ሰው ነበረ፤ ይህን ማንም አይክደውም። ጠላት ከፈራን ሰላም እናገኛለን ብሎ አመነ፤ የሚፈራውንም መሣሪያ ሠራ። ጠላት ግን በፈራ ጊዜ አልተቀመጠም፤ እሱም እንደዚያው ያለ መሣሪያ ሠራ። «ምንም አትፈራ» የሚለው ስም በመርከብ ላይ ለመጻፍ ቀላል ነው፤ በእሷ ምክንያት በሁለቱም ወገን የገባውን ፍርሃት ከሰው ልብ ለማውጣት ግን አሥር መድፍ አልበቃም፤ መቶም ቢሆን ባልበቃ ነበር።